መስታወት እንደጫንሽ ንጂ

የካቲት 3 ቀን

ለሚጢጢዬ፣ በር ስትገቢ ጎንበስ ለምትይው፣

ደብዳቤሽ ደረሰኝ። እንደ ልማዴ መጀመሪያ መጨረሻውን፣ ቀጥሎ መሃሉን አነበብኩ። ሰላምታሽን ለነገ አቆየሁት፤ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ስለሆነ አይበላሽም።

ስለ ጉልበቴ ጠይቀሻል። ሁለቱም ደህና ናቸው። ግራው ትንሽ ይኮራል እንጂ ስጠራው ይመጣል። ጥርሶቼም፣ ባለፈው ወር ከተሰናበተው በቀር፣ የቀሩት በሥራ ገበታቸው ላይ ናቸው።

«ምነው ድንገት ከተማ ማየት አማረዎት?» ላልሽው፣ ድንገት አይደለም። የባቡር ጣቢያውን ታውቂዋለሽ። ጣሪያው ከዳር እስከ ዳር መስታወት ነው ይላሉ። ያንን መስታወት ከፋብሪካው እስከ ከተማው ድረስ በሎሪዬ ያመላለስኩት እኔ መሆኔን ለስንት ሰው አውርቻለሁ! ጎረቤታችን ፀጉር አስተካካዩ እንኳ መቀሱን ያስቀምጥና «አባት፣ ዛሬስ ይሄን ታሪክ እንዝለለው» ይለኛል። ግን ጉዱን ልንገርሽ? ጣሪያውን አይቼው አላውቅም። እኔ ሳጥኖቹን ሳወርድ ጣቢያው ገና ግድግዳ ነበር። አስረክቤ ፊቴን ወደ ቤቴ አዞርኩ፤ ከዚያ ወዲህ ወደዚያ የሚወስድ ጭነት አልገጠመኝም። ሰው የጫነውን ነገር ተሰቅሎ ሳያይ መሞት የለበትም። ቢያንስ እኔ እንደዚያ ለማድረግ አላሰብኩም።

ያኔ እናትሽ ትንሽ ልጅ ነበረች። ትምህርት ቤት በተዘጋ ቁጥር አብራኝ ትጓዛለች፤ ሥራዋም መስማት ነበር። መስታወት ከመሰንጠቁ በፊት ይናገራል። ሹፌሩ ግን ሞተሩ ጆሮውን ስለሚይዘው አይሰማም። እሷ ከጀርባዬ ያለችውን ትንሽ መስኮት ትከፍትና ጆሮዋን ወደ ጭነቱ ትሰጣለች። «አባዬ፣ ተናገረ!» ስትለኝ እግሬን ከነዳጅ መስጫው አነሳለሁ። አንድም መስታወት አልሰበርንም። እሷ ግን ከዚያ ወዲህ በሚንቀሳቀስ ነገር ውስጥ እንቅልፍ ወስዷት አያውቅም። በሠርጓ ቀን እንኳ፣ ሙሽራው እጇን ይዞ ሲያያት፣ «የኋላ ቀኙ ጎማ ይጮሃል» አለች። ከማንኛውም መኪና ስትወርድ ሹፌሩ መስኮት ጋ ሄዳ ጥፋቱን አንድ በአንድ ትነግረዋለች። እዚህ ያሉ ሹፌሮች ሲያይዋት መስኮት ይዘጋሉ።

«ለምን አይደውሉልኝም?» ላልሽውም መልሱ ይኸው ነው። እናትሽ ባለችበት ቤት በስልክ ማውራት አደባባይ ላይ ቆሞ ማውራት ነው። ማድቤት ሆና ሽንኩርት እየከተፈች አንቺ በወዲያኛው ጫፍ የምትተነፍሺውን ትሰማለች። ጤና ጣቢያ በነርስነት የቀጠሯት ለሌላ ነገር አይመስለኝም፤ ማዳመጫ ለመቆጠብ ነው።

በይ እንግዲህ። አንቺ የኢንሹራንስ ቢሮ ሰው ነሽና ቅዳሜ ዕረፍትሽ ነው። ጠዋት ደርሼ ማታ የምመለስበትን የአንድ ቀን ፕሮግራም አውጪልኝ። ሽማግሌ እንደሚጎበኝ ሳይሆን ሰው እንደሚጎበኝ አድርጊው።

አያትሽ


የካቲት 11 ቀን

ለተከበሩ አባባ፣

እንዴት ሰነበቱ? (ይቺን ዛሬ ያንብቧት እንጂ ለነገ አያቆዩብኝ።) ለመመለስ በመዘግየቴ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ሰሞኑን ሥራ ይበዛል። ቢሮው ደህና ነው። አለቆቼም ደህና ናቸው። ወንበሩም ምቹ ነው።

ፕሮግራሙን ይኸው። ጠዋት ከመናኸሪያው እቀበልዎታለሁ። መጀመሪያ የምናየው ባለ ፏፏቴውን አደባባይ ነው። ውሃው በቀለም ያበራል፤ በጣም ያምራል። ግን ማለዳ ካልደረስን የጭነት መኪኖች ይገቡበትና መላወሻ የለውም። ቀጥሎ ሙዚየሙ። ፊት ለፊቱ መቆም ስለማይቻል ዞሮ በኋላ በኩል መጠጋት ነው የሚሻለው። ከሙዚየሙ ወደ ወንዙ የሚያወርደው መንገድ ድንጋይ ንጣፍ ነው፤ ዝናብ ከነካው በጣም ያንሸራትታል፣ ገና ከላይ ጀምሮ ቀስ ማለት ያስፈልጋል። ከወንዙ ዳር ያለው የባቡር ድልድይ ዝቅ ብሎ የተሠራ ነው፤ ከሥሩ ሲታለፍ በመሃል ካልሆነ በዳር በዳሩ አያሳልፍም። ከዚያ መካነ እንስሳቱ አለልዎት። ቀጭኔዎች አሉ። በአጥሩ በኩል ያሉት ዛፎች ቅርንጫፋቸው ወደ መንገዱ ስለተንጠለጠለ ወደ መሃል ያዝ ማድረግ ነው፤ በተለይ ከነፋስ በኋላ። የባቡር ጣቢያውን ለመጨረሻ አስቀምጬዋለሁ። እዚያ ስንደርስ ፀሐይዋ ፊት ለፊት ስለምትመታ ዓይን ታጥበረብራለች፤ ግን መስታወቱ የሚያምረው ያኔ ነው።

እማዬን አብረው ሊያመጧት አስበው ከሆነ ለዚህኛው ይቅር። ሥራዋን ማስፈታት አልፈልግም።

ሚጢጢ


የካቲት 18 ቀን

ለሚጢጢ፣

ፕሮግራሙን አንብቤ ስጨርስ የፀጉር አስተካካዩ ወንበር ላይ ቀጥ ብዬ ተቀመጥኩ። ሰውየው ጆሮዬን የቆረጠኝ መስሎት ደነገጠ።

ሚጢጢዬ፣ እስኪ አብረን እናንብበው። ስለ ሙዚየሙ ምን እንዳለበት አንድ ቃል የለም፤ የት እንደማይቆም ግን አለ። ስለ ወንዙ ውሃ ዝም፤ ስለ ቁልቁለቱ ድንጋይ ግን አንድ ሙሉ ስብከት። «ቀጭኔዎች አሉ» ብለሽ ቀጭኔዎቹን በሁለት ቃል ሸኘሻቸው፤ ለቅርንጫፉ ግን ልብሽ እንዴት እንደራራ!

ደግሞስ ድልድዩ በመሃሉ ካልሆነ እንደማያሳልፍ ለኢንሹራንስ ጸሐፊ ማን ነገራት? በእግሩ የሚሄድ ሰው የድልድይ ሆድ አይታየውም። ታክሲ የተሳፈረም አይታየውም። ይሄንን የሚያውቀው በላዩ ረጅም ነገር ያለበት ፍጥረት ብቻ ነው። ስለዚህ ሌሊት ሳስብ አድሬ ሁለት ነገር ላይ ደረስኩ። ወይ አንቺ ራስሽ ቀጭኔ ሆነሻል፤ በቁመትሽ አይፈረድብሽም። ወይ ደግሞ…

ሁለተኛውን አልጽፈውም። አንቺ ጻፊው። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ መሪ ጨብጬ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ መንገድ በዓይን ሲታይና በእጅ ሲታይ አንድ አለመሆኑን አውቃለሁ።

ስለ ወንበርሽ ምቾት የጻፍሽውን አምኛለሁ። ወንበሩ የት እንደሚሄድ ነው የጨነቀኝ።

አያትሽ

ማስታወሻ፦ ደብዳቤሽን እንደ ወትሮው በፀጉር አስተካካዩ አድራሻ ላኪ። ቤት ውስጥ ሳነብ ከንፈሬ ይንቀሳቀሳል፤ እናትሽ የከንፈርም ድምፅ የምትሰማ ይመስለኛል።


የካቲት 24 ቀን

ለአባባ፣

ቀጭኔ አልሆንኩም።

ደብዳቤዎን መኪና ማቆሚያው ውስጥ አንብቤ ብቻዬን ሳቅኩ፤ ከዚያ አለቀስኩ። እባክዎ አይቆጡኝ። ከቢሮው ከወጣሁ ቆየሁ። የለቀቅሁት ተባርሬ አይደለም። አንድ ቀን በመስኮት አሻግሬ ባለ ሁለት ፎቁ የጎብኚዎች አውቶቡስ ሲታጠፍ አየሁና ጠረጴዛዬ ጠበበኝ። እንደዚያ ያለ ትልቅ ነገር እንደዚያ ቀስ ብሎ ሲዞር! መንጃ ፈቃዴን ከምሳ ሰዓቴ እየሰረቅሁ ተማርኩ። አሁን የማድረው ጋራዥ አጠገብ ባለች ክፍል ነው። እስካሁን ያስነዱኝ ባዶ አውቶቡስ ብቻ ነው፤ ከአጠገቤ ተቆጣጣሪው ይቀመጣል። ስሙን አልነግርዎትም፤ ሁላችንም «ጉሮሮ» ነው የምንለው። አይቆጣም፣ አይመክርም። ሲያጠፉ «እህህም» ይላል፣ አለቀ። አንዳንድ ቀን ጋራዥ ስንገባ ድምፁ ተዘግቶ ነው የሚወርደው።

መጋቢት 20፣ ቅዳሜ፣ ተሳፋሪ ይዤ እፈተናለሁ። ካለፍኩ መስመሩ የእኔ ነው። ከወደቅሁ ወደ ጋራዥ ተመልሼ የሌላ ሰው አውቶቡስ ሳቆምና ሳጥብ እከርማለሁ፤ ሁለተኛ ዕድል መቼ እንደሚሰጡ እግዜር ይወቅ። ያኔ ለእማዬ ምን እላታለሁ? ስትሸኘኝ ምን እንዳለችኝ እርስዎም ሰምተዋል። «እኔ ልጅነቴን በመንገድ ጨርሻለሁ፤ አንቺ የማይነቃነቅ ወንበር ላይ ተቀመጪልኝ» ነበር ያለችው። ወንበሩን ትቼ ሹፌርም ሳልሆን ከቀረሁ ፊቷን እንዴት አየዋለሁ?

እስክፈተን ድረስ አይንገሩብኝ። ካለፍኩ ራሴ እነግራታለሁ።

ሚጢጢ


የካቲት 30 ቀን

ለሹፌሯ፣

አንጀቴ ቅቤ ጠጣ! ደብዳቤውን አጥፌ ኪሴ ከተትኩና ፀጉር አስተካካዩን «ጺሜንም ላጨው፣ ዛሬ በዓል ነው» አልኩት። «የምን በዓል?» ቢለኝ «አፍህ የጆሮህን ያህል ትንሽ ቢሆን እነግርህ ነበር» አልኩት። ተቀየመኝ፤ ጺሜንም አጎደለው። ምንም አይደል።

እቆጣለሁ ብለሽ ፈርተሽ ነበር አይደል? እኔ! ሎሪዬን የሸጥኩ ዕለት እራት ያልበላሁት ሰውዬ! በቤታችን መሪ የሚጨብጥ ጠፋ ብዬ ስንት ዓመት ተከዝኩ፤ ለካ ጉዱ ኢንሹራንስ ቢሮ ውስጥ እየበሰለ ኖሯል።

አልነግራትም። አፌን ቆልፌ ቁልፉን ውጬዋለሁ።

ምክር አልሰጥም ብዬ ምዬ ነበር፤ ግን መሐላው ወረቀቱን ሳላነሳ ነው፣ አይያዝብኝም። መስታወት እንደጫንሽ ንጂ። ሰው ጫንኩ ብለሽ ካሰብሽ ትፈሪያለሽ፤ ሰው ይናገራል፣ ይስቃል፣ ያጉረመርማል፣ ቀልብሽን ይወስዳል። መስታወት ግን ከአንቺ የሚፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እንዳታስደነግጪው። ስትቆሚ ፍሬኑን እስከ መጨረሻው አትርገጪ፤ ልትቆሚ ጥቂት ሲቀርሽ ለቀቅ አድርጊው፣ አውቶቡሱ እጅ እንዳይነሳ። መታጠፊያ ላይ ከመድረስሽ በፊት ሐሳብሽን ጨርሺ። ደግሞ በስፖኪዮው ወደ ኋላ ስታዪ የተሳፋሪውን ፊት አትይ። ፊት ይዋሻል። አንገታቸውን እይ። አንገታቸው ቀጥ ብሎ ከተቀመጠ መስታወቱ አልተነካም ማለት ነው።

ጉሮሮ ለሚባለው ሰውዬ ማር በሎሚ ይጠጣ በይልኝ።

ጉብኝታችንን በተመለከተ ቀኑን ቆርጫለሁ። መጋቢት 20፣ ቅዳሜ። አየሩ ጥሩ ይሆናል ብለውኛል።

አያትሽ


መጋቢት 7 ቀን

ለአባባ፣

አየሩ ጥሩ ይሆናል ያለዎት ማን ነው? ማንም አላለዎትም። ፈተናዬን ሊያዩ ነው። እባክዎ፣ ከዓመቱ ቅዳሜዎች ሁሉ ያንን አንዱን ይተዉልኝ! እርስዎ ከኋላዬ ተቀምጠው ቅንድብዎ ከፍ ሲል ካየሁ መሪው ከእጄ ይወጣል። በሚቀጥለው ሳምንት ይምጡ፤ የፈለጉትን ያህል ያጉረምርሙብኝ።

ሌላም የሚያሳስበኝ ነገር አለ። ባለፈው እሁድ ለእማዬ ስደውል ስታዳምጥ ቆየችና «የት ሆነሽ ነው የምታወሪው?» አለችኝ። «ቢሮ» አልኳት። «በእሁድ?» አለች። «ሥራ በዝቶ» አልኩ።  ከዚያ «በደንብ ብዪ» ብላ ዘጋችው።  ነግረዋታል እንዴ?

ፍሬኑን እንደነገሩኝ ሞከርኩት። ትናንት ከሙዚየሙ እስከ ወንዙ ድረስ ጉሮሮ ድምፁ አልተሰማም። የተኛ መስሎኝ ዞር ብዬ አየሁት፤ «ፊትሽን ወደ መንገዱ» አለኝ። ሙሉ ዓረፍተ ነገር ሲናገር ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማሁ።

ሚጢጢ


መጋቢት 12 ቀን

ለሚጢጢ፣

አልነገርኳትም! ቁልፉን ውጬዋለሁ አላልኩሽም? እናትሽ ምንም አታውቅም። ይሄን ያህል ዓመት ያሳደግኋት ልጅ ናት፤ የሚጠረጥር ፊቷንና የማይጠረጥር ፊቷን ለይቼ አውቃለሁ። ሰሞኑን እንዲያውም ደስ ብሏት ነው የምትውለው። ዘፈን እያንጎራጎረች ሸሚዜን ተኮሰችልኝ።

አትምጡ ላልሽው፣ እመጣለሁ። ትኬቱ ተቆርጧል። አልቆጣም፣ አልስልም፣ ቅንድቤንም ከፈለግሽ አስላጨዋለሁ፤ ፀጉር አስተካካዩ አሁን ታርቆኛል። ሹፌር ልጅ ኖሮኝ ያለ እኔ የምትፈተን ከሆነ ጉልበቴ ለምን ይድናል? እስከዛሬ ሳሸው የኖርኩት ለዚህ ነው።

ብቻዎን ነው የሚመጡት ወይ፣ እማዬስ የት ይሄዳሉ ብላ ትጠይቅ የለም ወይ፣ ምን ሊሏት ነው ወይ ብለሽ ገና ለምትደረድሪው ጥያቄ፦ እዚህ ሰሞኑን ነፋስ አለ። የጎረቤት ቆርቆሮ ተነስቶ ግቢያችን ወደቀ። ድመቷ ደህና ናት።

እናትሽ ጫማዋን አስጠርጋለች። እንዲሁ ለወሬ ያህል ነው የጻፍኩት።

አያትሽ


መጋቢት 17 ቀን

ለአባባ፣

በአጭሩ ልጽፍ ነው፤ እጄ ሥራ ላይ ስለሆነ ብዕር አይታዘዝልኝም።

አውቶቡሱ የሚነሳው ከፏፏቴው ነው። ቀይ ነው። ቢመጡም የማያውቁኝ መስለው ይሳፈሩ። ፊት ወንበር ላይ አይቀመጡ። ከአስጎብኚዋ ጋር አይከራከሩ፤ የተናገረችው ስህተት ቢሆን እንኳ። ጣቢያው ስንደርስ «ይሄንን ያመጣሁት እኔ ነኝ» ብለው አይነሱ። ጉሮሮ ከአጠገቤ ይሆናል፤ ጉሮሮውን ሲጠርግ ካዩት ማር እንዳያቀርቡለት።

ስለ ጫማው ደግሜ ደጋግሜ አነበብኩት። ቀልድ ነው ብዬ ማመን እፈልጋለሁ። ቀልድ ነው አይደል?

ሚጢጢ


መጋቢት 21 ቀን፣ እሁድ

ለአባባ፣

ቀልድ አልነበረም!

ትናንት ተቻኩላችሁ ስለሄዳችሁ የልቤን አላወራሁም። ከእኔ ወንበር ሆኖ ቀኑ ምን እንደሚመስል ልንገርዎት።

በሩን ስከፍት እርስዎን አየሁ፤ ኮፍያዎን እስከ ቅንድብዎ ደፍተው፣ የማያውቁኝ ለመምሰል ሲሉ ከበሩ ጋር የተጣሉ ይመስላሉ። ሳቄ ሊያመልጠኝ ሲል ከኋላዎ እማዬ ያቺን ቡናማ ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አቅፋ ገባች። ወደ እኔ አልዞረችም። በቀጥታ ወደ ኋላ፣ ከጎማው በላይ ወዳለው መቀመጫ ሄደች። ሰው ሁሉ ወደ ላይኛው ፎቅ ሲሽቀዳደም እሷ እዚያ ተቀመጠች።  አባባ፣ ያን ጊዜ ቢያገኙኝ ምን እንደምልዎት አይጠይቁኝ፤ ለሽማግሌ አይባልም።

ሞተሩን አስነሳሁ። መሪው በላብ ረጠበ። አንገታቸውን እይ ብለውኝ ነበር፤ እኔ ግን የሌላውን ሁሉ አንገት ትቼ የአንዲትን ሴት አንገት ብቻ አየሁ። በፏፏቴው ዙሪያ ቀጥ ብሎ ነበር፣ እንደ ምሰሶ። ዓይኗ ክፍት፣ ጆሮዋ እንደተወጠረ ያስታውቃል። ሙዚየሙን እንዳለፍን ግን አንገቷ ዘንበል አለ። አበላሸሁ አልኩ። ወደ ወንዙ ስንወርድ ጭራሹን ወደ እርስዎ ትከሻ ተደገፈ፤ ዓይኗም ተጨፍኗል። እኔን ላለማየት የጨፈነች መሰለኝ። እውነቴን ነው። ራሷን በሐዘን ያዘመመች መሰለኝ። በልቤ «በቃ፣ አውቃለች፣ አፍራብኛለች» እያልኩ ነው በድልድዩ ሥር ያለፍኩት፤ በመሃሉ። በቅርንጫፎቹ አጠገብም ያለፍኩት እንዲሁ ነው። ካፈረችብኝም በሥራዬ አታፍርብኝም ብዬ ጥርሴን ነክሼ፣ መስታወት እንደጫንኩ ነዳሁ።

መጨረሻ ላይ ፏፏቴው ጋ ተመልሰን ስቆም ተሳፋሪዎቹ አውቶቡሱ መቆሙን ያወቁት ሌሎች ሲነሱ አይተው ነው። ጉሮሮ እርሳሱን ወረቀቱ ላይ አድርጎ ቆየ። ቀኑን ሙሉ አንድ ጊዜ ብቻ «እህህም» ብሎ ነበር፤ ለእሱም «ይቅርታ፣ ጉንፋን ይዞኝ ነው» አለኝ። ከዚያ «መስመሩ ያንቺ ነው» አለ። መስመሩ የእኔ ነው አባባ! ማክሰኞ እጀምራለሁ። ባለ ወርቃማ ክሩን የደንብ ልብስ ሰጥተውኛል፤ እጅጌው እንደ ሁልጊዜው አጠረኝ።

ቀጥሎ ያለውን እርስዎም አይተዋል። እማዬ እንደ ልማዷ ወርዳ ወደ ሹፌሩ መስኮት መጣች። ሌሎቹ ሹፌሮች እንደሚያደርጉት መስኮቱን መዝጋት አማረኝ። ቆማ አየችኝ። እጇን አስገብታ ኮሌታዬን አቃናች። «ደህና ነሽ?» አለች። «ደህና ነኝ» አልኩ። አለቀ። ወደ መናኸሪያው የሚወስዳችሁ ታክሲ ጥሩምባውን ነፋ፣ ሄዳችሁ።

ምን ማለት ነው? በመንገድ ምን አለችዎት? ጉሮሮ ደግሞ ከእርስዎ ጋር ቆሞ ሲያወራ አየሁ፤ ምን ብሎ ጠየቀዎት? እባክዎ ስለ ነፋስና ስለ ድመቷ አይጻፉልኝ።

ሚጢጢ


መጋቢት 25 ቀን

ለባለ መስመሯ፣ ለባለ ወርቃማ ክሯ፣ እጅጌ ላጠራት ልጄ፣

ድመቷ ደህና ናት። ሌላው እነሆ።

ከጉሮሮ ልጀምር። ወረቀቱን እንደፈረመ ወደ እኔ መጥቶ፣ በጣም በትህትና፣ «አባት፣ አጠገብዎ ያሉት ሴት አሟቸው ነበር? ወይስ አስጎብኚያችን ትሰለቻለች?» አለኝ። «ምነው?» አልኩት። «በዚህ ሥራ ላይ ጸጉሬ ሸበተ፤ ሰው ለማየት ከፍሎ ገብቶ፣ ድምፅ ማጉያ ጆሮው ላይ እየጮኸ፣ ከሙዚየሙ እስከ መጨረሻው ሲያንኮራፋ አይቼ አላውቅም። ወረቀቱ ላይ የት ጋ እንደምጽፈው ጨነቀኝ።» ትከሻውን ይዤ «ወንድሜ፣ ከሁሉም በላይ ጻፈው፣ በትልቁ» አልኩት። ስለ መስታወቱና ስለ ትንሿ መስኮት ስነግረው ጉሮሮውን ጠረገ፤ ይሄኛው ግን ጉንፋን አልነበረም።

አዎ፣ ሚጢጢዬ። ተኝታ ነበር። አላፈረችብሽም፣ አላዘነችም፣ ዓይኗንም ከአንቺ አልሸሸገችም። እናትሽ፣ ያቺ በሠርጓ መኪና ውስጥ ጎማ የምታዳምጠው፣ በአውቶቡስሽ ውስጥ አፏን ከፍታ ተኛች። ከወንዙ ጀምሮ ሸሚዜን አረጠበችው፤ ያንን የተኮሰችልኝን።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ደግሞ ስሚ፤ ያን ጊዜ ነው እኔ የተሸነፍኩት። ወደ ቤት ስንመለስ፣ ገና ከከተማው ሳንወጣ፣ «አባዬ፣ መቼ ልትነግረኝ ነበር?» አለችኝ።

«ምኑን?» አልኩ፤ እንደ ሕፃን።

«ቢሮ ውስጥ የአየር ፍሬን ሲተነፍስ ሰምተህ ታውቃለህ? እኔ በስልክ ውስጥ ስሰማው ስንት ጊዜዬ። ‹ሥራ በዝቶ ነው እማ› ትለኛለች፤ ከኋላዋ ፍስስስ ይላል።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«እሷ እስክትነግረኝ ብዬ። ደግሞ አንተ እየተደበቅክ ደብዳቤ ስታነብ ደስ ብሎህ ነበር፤ ጨዋታህን ላበላሽብህ?»

ዕድሜዬን ሙሉ ሰው እያታለልኩ ኖሬ፣ ፀጉር አስተካካዩን፣ የመንገድ ፖሊሱን፣ ሐኪሙን፣ ሁሉንም፣ በስተርጅና በገዛ ልጄ እጅ ተያዝኩ! ኩራት ተሰማኝ፤ አልዋሽሽም። የእኔ ልጅ አይደለች?

«እሺ ካወቅሽ ለምን አብረሽኝ መጣሽ?» አልኳት።

«ልሰማት ነዋ። ለዚህ ነው ጎማው ላይ የተቀመጥኩት፤ መስታወት መጀመሪያ የሚሰበረው እዚያ ነው ያልከኝ አንተ አይደለህ? ከአነዳዷ አንድ ክፉ ነገር ብሰማ፣ አንዲት ነገር፣ በጆሮዋ ይዤ አውርጄ ወደዚያ ቢሮ ልመልሳት ነበር።»

 መንገዱን በመስኮት ስታይ ቆይታ «ከሙዚየሙ በኋላ ግን የምሰማው አጣሁ» አለች። በቃ፣ ይችን ብቻ ነው ያለችው።

አሁን ለራሴ ያስቀመጥኳትን ልንገርሽ። ጣቢያው ስንደርስ ፀሐይዋ እንዳልሽው ፊት ለፊት መታች። ጣሪያው በራ። ሚጢጢዬ፣ ያ ሁሉ የጫንኩት ሳጥን፣ ያ ሁሉ ዳገትና ቁልቁለት፣ ሁሉም እዚያ ላይ ተሰቅሎ ይስቅብኝ ነበር። አስጎብኚዋ ስለ ሠሪው፣ ስለ ከፈተው ሹም አወራች፤ ስላጓጓዘው ምንም አላለችም። ቃሌን ጠብቄ አልተነሳሁም። እናትሽን ልቀሰቅሳት እጄን አነሳሁ። ያ መስታወት የእሷም ነው፤ ከእኔ ይልቅ የእሷ ነው፤ በጆሮዋ ያደረሰችው። ለእሱ ብለን ነበር የመጣነው። እጄን መልሼ ጉልበቴ ላይ አደረግሁት። ጣሪያውን አየሁ፣ እሷን አየሁ፣ አለፍን።

ስትነቃ «ጣቢያው የት አለ?» አለችኝ።

«አለፈን።»

«አባዬ! ለምን አልቀሰቀስከኝም?»

«መስታወቱ አልተናገረም» አልኳት፤ «ምን ብዬ ልቀስቅስሽ?»

በመልስ ጉዞ ዓይኗን አልከደነችም። ስንወርድ ያንን ምስኪን ሹፌር መስኮት ጋ ይዛ ጥፋቱን ስትደረድርለት የቀሩት ተሳፋሪዎች ቤታቸው ገብተው እራት በልተዋል። መጨረሻ ላይ «ልጄ እንዴት እንደምትነዳ ሄደህ እይ» አለችው። ሰውየው ልጇ ማን እንደሆነች አያውቅም፤ በማግስቱ ግን እኔ ለመንደሩ ሁሉ አሳወቅሁ። ፀጉር አስተካካዩ መቀሱን አስቀምጦ «አባት፣ እንግዲህ ይሄኛውን ታሪክ ስንት ዓመት ልንሰማው ነው?» ብሎኛል። «ጸጉርህ እስኪያልቅ» አልኩት። ያለቀው የእኔ ነው ለካ።

እናትሽ ከተማውን አላየሁትም ትላለች፤ እውነቷን ነው፣ ከሙዚየሙ ወዲህ ያለውን አንድም አላየችም። ሌላ ቅዳሜ ትፈልጋለች። እኔ ግን ስጋት አለኝ፤ አንቺ እየነዳሽ እሷ መቼ ልታይ ነው?

እዚህ ላይ ወረቀቱን ከእጄ ነጠቀችኝ። ጤና ለሁላችን፤ ብዕሩን ካልሰጠኋት ጆሮዬን ልትይዝ ነው።

አያትሽ

ከእናትሽ፦ ከኋላ በግራ በኩል፣ መቀመጫው ሥር፣ አንድ ብሎን ላልቷል። ከፏፏቴው እስከ ሙዚየሙ ሲያንኳኳ ነበር። አስጠብቂው። ከዚያ ወዲያ የሰማሁት ነገር የለም።